የእትዬ ማሬ አምባር ዋጋ

ብር አውቃለሁ ብዬ ማመን የጀመርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪዬም ስልኬ ነበር። አንድ ሰውዬ እውነተኛ ብር ከሐሰተኛው እንዴት እንደሚለይ በአራት ደቂቃ ቪዲዮ ተናግሮ ሲጨርስ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ሌላው ሰው ዕድሜውን ወናፍ ሥር ተቀምጦ የሚማረውን ሙያ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ተመረቅኩበት። ያውም ማስታወቂያውን ዘልዬ።

ስሜ ዳኛው ነው፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማስተማር አንድ ክፉ ጠባይ ያስይዛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቾክ ይዞ ሲናገር የሚጻፍለት ሰው፣ ከክፍል ወጥቶም የሚናገረው ሁሉ መጻፍ ያለበት ይመስለዋል። ቪዲዮውን ባየሁ ማግስት ከተበላሸ ቴፕ ድምጽ ማጉያ ውስጥ ማግኔት ፈልፍዬ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት። ብርን ማግኔት አይስበውም። ይህን የማያውቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም የሚያውቅ ሲገጥመኝ ቅር ይለኝ ጀመር። የባልደረቦቼን የአንገት መስቀል አንድ በአንድ ፈተንኩ። ሚስጥር የምትባለው የሒሳብ አስተማሪ ብቻ «የምሳለመውን መስቀል አላስፈትንም» ብላ እጄን መታችኝ።

ለባለቤቴ ለጽጌሬዳ የብር መስቀል የገዛሁላትም በዚሁ ጥበብ ነው። ባለሱቁ አሥራ አንድ መስቀል ደረደረልኝ፤ ማግኔቴን እያስጠጋሁ አለፍኩባቸው፤ አንዱም አልተሳበም። እንግዲህ ሁሉም ብር ናቸው ብዬ ከሁሉ የሚያምረውን መረጥኩና የተጠየቅኩትን ከፈልኩ። ባለሱቁ እንደ እኔ ያለ ገዢ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ሻይ ጋብዞ እስከ በር ሸኘኝ። ያኔ ያከበረኝ በእውቀቴ መስሎኝ ነበር።

ትውልዴ ሾላ ሜዳ ነው፤ ከኮላ ድባ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። የሾላ ሜዳ ማርያም ጥር ሃያ አንድ ቀን ትነግሣለች። በእኛ አገር የተሳለ ሰው የለመነው ሲሰምርለት ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ በግ፤ ያላት ሴት ጌጧን። ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠቅመውን ያስቀርና የተረፈውን በንግሡ ቀን ቅጽሩ በር ላይ በጨረታ ይሸጣል። ጨረታው ከገበያ ጋር አይገናኝም፤ ሰው የሚገዛው በረከቱን ነው። አምና ሁለት ሺህ ብር የማያወጣ ጃንጥላ እህል ነጋዴው አያ ህሩይ በአሥራ ሁለት ሺህ አንሥተውታል። ዝናብ ቢመጣ አይዘረጉትም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ አለበል ደወሉልኝ። «መምህር፣ የመጣውን የስለት ዕቃ በሸጋ ጽሕፈት መዝግብልን፤ የኛ እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስል» አሉኝ። መዝግብ ነው ያሉኝ። ፍረድ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ዛሬም ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ወጣልኝ። ከጎኔ አያ አለበልና ቄስ ሀብተሥላሴ ተቀምጠዋል። ትንሽ ራቅ ብለው ለንግሡ ድግስ እህል የሚለቅሙ ስምንት ዘጠኝ ሴቶች አሉ። ምንጣፉን መዘገብኩ፣ ጃንጥላውን መዘገብኩ፣ ሁለት መጋረጃ መዘገብኩ። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ማግኔት አይፈልግም፤ እውቀቴ ኪሴ ውስጥ እየሟሸሸ ነበር። በዚህ መሀል እትዬ ማሬ መጡ።

እትዬ ማሬ ከእናቴ ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ልጅ ሆኜ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ የሺዋስ። መስከረም ላይ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ቆላው ሳንጃ ወርዶ በወባ ወደቀ። ወሬው ሲደርሳቸው እትዬ ማሬ ወደ ማርያም ዞረው «በእግሩ መልሺልኝና የእናቴ አምባር ያንቺ ይሁን» አሉ። ልጁ ኅዳር ውስጥ ከስቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ግን በእግሩ መጣ። እነሆ አምባሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሊሰጡ ቆመዋል።

ሲፈቱት ወፍራም፣ ጠርዙ ጉጥ ጉጥ ያለ፣ ሁለት ሆኖ የሚከፈትና የሚገጠም ያረጀ አምባር ነው። ቄስ ሀብተሥላሴ «እመቤቴ ትቀበልሽ» ብለው ሊያነሡት ሲሉ እኔ «አንድ ጊዜ አባ» አልኩና ማግኔቴን አወጣሁ። ሴቶቹ መልቀማቸውን ትተው አዩኝ። እነሱ ሲያዩኝ ደግሞ ደረቴ ሰፋ።

ማግኔቱ አምባሩ ላይ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። አንሥቼ አወዛወዝኩት፤ አምባሩ አብሮት ተንጠለጠለ።

«ይኼ ብር አይደለም» አልኩ፤ በክፍል ድምፄ፣ የኋላው ወንበር እንዲሰማ አድርጌ። «ብረት ነው። ላዩን ብር የተቀባ ብረት። ሳይንስ አይዋሽም።»

«የእናቴ ነው» አሉ እትዬ ማሬ።

«እናትሽም ተታለው ይሆናላ!» አልኩኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን የጨመርኩት ላጽናናቸው ብዬ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ እመቤቴን በብረት!» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ ክንዷን ጎሰመቻት። እትዬ ማሬ የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት፣ ከዚያ በመጡበት ወረዱ። አምባሩ ጠረጴዛው ላይ ከነማግኔቴ ቀረ።

አያ አለበል ማግኔቱን ከአምባሩ ላይ አላቀቁና «ምነው ቀስ ብትል?» አሉኝ። «ለሠሪ ሳታሳይ አፍህን ከምትከፍት። አሁንም ቢሆን ውሰድና አሳይ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ግን እንዳልሳሳትኩ እርግጠኛ ስለነበርኩ ተረቱ ለሌላ ሰው የተተረተ መሰለኝ። አምባሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጎንደር ገባሁ።

ጽጌሬዳ ታሪኩን ስነግራት አልሳቀችም። «እትዬ ማሬን? በሰው ፊት?» አለች። በማግስቱ ማለዳ ቀድማኝ ጫማዋን አደረገች፤ እጄን ይዛ ልትወስደኝ ምንም አልቀራትም፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ወደ አንጥረኛው አያ ኑርሁሴን ሱቅ ሄድን። እሳቸው ከአያታቸው ጀምሮ ብር የሚያቀልጡ፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። መምህር መሆኔን፣ ቪዲዮውን፣ ማግኔቱን፣ ፊዚክሱን ሁሉ ነገርኳቸው። አቋረጡኝ ማለት አልችልም፤ ዝም ብለው አምባሩን ሲያገላብጡ እኔ ራሴ አለቀብኝ።

ጉጠት አነሡና ከአምባሩ መገጣጠሚያ ውስጥ ክብሪት የምታህል ቀጭን ሚስማር ስበው አወጡ። «ማግኔትህን አምጣ» አሉኝ። ሚስማሯን አስጠጉ፤ ዘላ ተጣበቀች። አምባሩን አስጠጉ፤ ንቅንቅ አላለም።

«ብር ለስላሳ ነው፣ መምህር። መክፈቻው ላይ የብር ሚስማር ቢገባበት በዓመቱ ይበላል። አባቶቻችን እዚህ ጋ ብረት ነው የሚያስገቡ። አንተ የፈተንከው ሚስማሩን ነው።»

ጽጌሬዳ እኔን ሳይሆን ጣሪያውን ነው ያየችው። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

አያ ኑርሁሴን ግን አልጨረሱም። አምባሩን በጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ አደረጉት፤ ነጭ መስመር ቀረ። መስመሩ ላይ አሲድ ጠብ፣ ቀጥሎ የጨው ውሃ ጠብ አደረጉ፤ መስመሩ እንደ አሬራ ነጣ። «አየህ? ይኼ ብር ነው። ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ፤ ከአሥር እጅ ስምንቱ ጥሩ ብር፣ ቀሪው መዳብ። መዳብ ካልገባበት አይጠነክርም።» ከዚያ ሚስማሯን ለይተው ትንሿ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጡት። ሰማንያ አራት ግራም። «ሦስት ጠገራ ነው ልክ።»

«ዋጋውስ?» አለች ጽጌሬዳ።

«ለማን?» አሏት። ጥያቄ በጥያቄ የሚመልስ ሰው ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ እዚህ ላይ ግን ልክ ነበሩ። «ብር ሁለት ዋጋ ነው ያለው፣ ልጄ። አንዱ የብሩ ነው፣ ሌላው የእጁ። ጥሩው ብር ዛሬ በግራም መቶ ሃምሳ ነው። ከአሥር ስምንት እጅ ከሆነ መቶ ሃያ ይመጣል። አንጥረኛ ለማቅለጥ ሲገዛ ይህችን ብቻ ነው የሚከፍል። ጌጥ አድርጋ ልታስረው የምትገዛ ሴት ግን የእጁንም ትጨምራለች፤ ይኼን የመሰለ ጉጥ የሚያወጣ ሰው አሁን የለም። ቱሪስት በደኅናው ጊዜ ሲመጣ እጥፉን ይሰጥበት ነበር። ሲቀልጥ የእጁ ዋጋ ዜሮ ነው። እሳት ሙያ አያውቅም።»

ይህን ሁሉ ጽጌሬዳ በጥሞና ሰማችና ቀስ ብላ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል አወለቀች። «አያ ኑርሁሴን፣ እባክህ ይችንም።» እኔ «ግድ የለም፣ እሱ ተፈትኗል» አልኩ። አያ ኑርሁሴን መስቀሉን ድንጋዩ ላይ ፈተግ፣ አሲዱን ጠብ። መስመሩ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ብር የመሰለ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው አሉ፤ ማግኔት አይስበውም፤ ናስንም አይስበውም፤ መዳብንም አይስበውም፤ ወርቅንም አይስበውም። ሁሉንም አስተምሬው የማውቀው ነገር ነው። በየዓመቱ አሥረኛ ክፍል ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ላይ አስተምረዋለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች ጽጌሬዳ፤ መስቀሉንም መልሳ አሰረችው። «መስቀል መስቀል ነው፤ የሚያሳፍረው ገዢው ነው።»

ገና ከሱቁ ሳንወጣ አያ አለበል ደወሉ። እኔ የምሥራች ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። እትዬ ማሬ ጊደራቸውን ቅዳሜ ኮላ ድባ ገበያ ሊያወጡ ነው። ስለቴ አልደረሰም ብለዋል። የሰጡት ብረት ከሆነ ማርያም ልጃቸውን በነጻ ነው የሰጠቻቸው፤ በነጻ የተሰጠ ደግሞ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል። የሺዋስ ትናንት ትንሽ አተኩሶት ነበር። ጉንፋን ይሁን ወባ አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ምን እንደሆነ አውቀዋል። ጊደሯን ሸጠው ብር ገዝተው ይሰጣሉ። ያቺ ጊደር ለክረምት የምትወልድ፣ የቤታቸው የወተት ተስፋ፣ ያላቸው ከብት ሁሉ እሷ ናት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሳሰበኝ የእኔ ውርደት ነበር።

ዓርብ ማስተማሩን ትቼ ወረድኩ። እትዬ ማሬ ደጃቸው ላይ ለጊደሯ ገለባ እየሰጡ አገኘኋቸው። የሺዋስ ፀሐይ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ከለከሉኝ።

«እትዬ ማሬ፣ ብር ነው። አንጥረኛው አረጋገጠ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ማግኔቱ የሳበው ሚስማሩን ነው።»

ገለባውን መስጠት አላቆሙም። «ባለፈው ብረት አልክ። ዛሬ ብር አልክ። ነገስ ምን ልትል ነው?»

«እውነቴን ነው!»

«ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያልክ፤ ሳይንስ አይዋሽም ብለህ።»

እንደ ልማዴ ሌላ ስህተት አቀረብኩ። «እንግዲያው በንግሡ ቀን ጨረታው ላይ እኔ ራሴ በሃያ ሺህ አነሣዋለሁ። ሰው ሁሉ ያያል።»

አሁን ገለባውን አስቀምጠው አዩኝ። «ምነው ዳኛው? አምና ጃንጥላው በአሥራ ሁለት ሺህ ተሸጠ። ጃንጥላው ብር ነበር? እዚያ ሁሉም ስለ ማርያም ብሎ ይጨምራል። ብረትም ቢሆን ይጨምራል። አንተ ሃያ ሺህ ብትል ‹አዘነላት› ነው የሚሉ። እኔ መታዘን አልፈልግም፤ ማወቅ ነው የምፈልግ። እናቴ አልተታለለችም። ስለቴ ደርሶ እንደሆነ ልወቅ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ብር አቅልጦ የሚያድር ሰው፣ ስለ ማርያም ብሎ አንዲት ሳንቲም የማይጨምር ሰው፣ ከኪሱ አውጥቶ ይግዛው። እንዲያ ያለ ሰው በብረት ገንዘቡን አይጥልም። ያንን ካየሁ ጊደሬ ከቤቴ አትወጣም። እስከ ንግሡ አቆያታለሁ።»

ጎንደር ተመልሼ አያ ኑርሁሴንን ስለምናቸው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። «እኔን? ማርያም ጨረታ ላይ?» አሉ። «እኔ እኮ በረከት አልገዛም፣ መምህር። ሰላት ሰጋጅ ሰው ነኝ። ብር ነው የምገዛ።»

«ለዚህ ነው የምትፈለግ» አልኳቸው። ይህ በዚያ ወር ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ነው።

ጥር ሃያ አንድ ታቦቷ ወጥታ፣ ዑደት አድርጋ፣ ገብታ ሕዝቡ ቅጽሩ በር ላይ ሲሰበሰብ አያ ኑርሁሴን ከበሩ ውጭ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቆባቸውን አድርገው፣ ሚዛናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አያ አለበል ጨረታውን ከመጀመራቸው በፊት ድምጽ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ። የሦስት ገጽ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ብረት ምንነት፣ ስለ ማግኔት ጠባይ፣ ስለ አባቶቻችን ጥበብ። አያ አለበል ወረቀቱን አይተው «አሳጥረው» አሉኝ።

«የእትዬ ማሬ አምባር ብር ነው» አልኩ። «ብረት ነው ያልኩት እኔ ተሳስቼ ነው። ማግኔቱ የሳበው የመክፈቻውን ሚስማር ነው።»

«ሳይንስ አይዋሽም ያልከውስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሳይንስ አልዋሸም። እኔ ነኝ የቀባጠርኩ።»

ሕዝቡ ሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ ሳቁ ቀለለኝ። እትዬ ማሬ ግን አልሳቁም። ከሴቶቹ ተለይተው ቅጽሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ የሺዋስ ትኩሳቱ ለቆት አጠገባቸው ነው። የእኔ ኑዛዜ ለእሳቸው ምንም አልሆነም። የእኔ ቃል ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ነግረውኛል።

አምባሩ ለጨረታ ወጣ። አያ ኑርሁሴን ተነሥተው መጡና ሕዝቡ እያየ ሚስማሯን በጉጠት አወጡ፣ አምባሩን ድንጋይ ላይ ፈተጉ፣ አሲዱንና የጨው ውሃውን ጠብ አደረጉ፣ ነጭ ሲሆን ለቄስ ሀብተሥላሴ አሳዩ። ከዚያ መዘኑ። ከዚያም በተለመደ የሱቅ ድምፃቸው «አሥር ሺህ ሰማንያ» አሉ።

በሕዝቡ መሀል ጉርምርምታ ሆነ። በዚያ በር ላይ አሥር ሺህ ተብሎ ያውቃል፤ አሥራ አምስት ሺህ ተብሎ ያውቃል። ሰማንያ ተብሎ አያውቅም።

«ሰማንያዋ ምንድን ናት፣ አያ?» አለ አንዱ።

«ሰማንያ አራት ግራም፣ በመቶ ሃያ። ምቱት።»

ሦስት አራት ሰው ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን መታ። «አሥር ሺህ ሰማንያ! ልክ ነው!» አለ አንዱ። ያች ሰማንያ እኔ በሦስት ገጽ የማልሠራውን ሠራች። ሴቶቹ እርስ በእርስ ሲተያዩ፣ ያቺ «እመቤቴን በብረት» ያለችው ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ። እትዬ ማሬ ከቅጽሩ ቀና አሉ።

በዚህ ጊዜ ነው አያ ህሩይ እጃቸውን ያወጡ። «ለእመቤቴ አሥራ አምስት ሺህ!»

እልልታው ቀለጠ። ሰውዬው ክፋት የላቸውም፤ በዓመት አንድ ቀን የሚወዱት ነገር ይህ ነው። እትዬ ማሬ ግን ተመልሰው ቅጽሩን ተደገፉ። በአንድ ቃል አምባራቸው ጃንጥላ ሆነ። አያ አለበል «አሥራ አምስት ሺህ አንድ ጊዜ!» ሲሉ እኔ ወደ አያ ኑርሁሴን ሮጥኩ። «ጨምር፣ እኔ እከፍላለሁ» አልኳቸው በጆሯቸው። ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት ገና አልወጣልኝም። «ከጨመርኩማ ዋሸሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ከዚህ በላይ አልወጣም። ብሩ ይኼው ነው። ወላሂ፣ አንድም አልጨምር፣ አንድም አልቀንስ» አሉ።

«አሥራ አምስት ሺህ ሁለት ጊዜ!»

«አያ ህሩይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ማሬ ናቸው፤ መሀል ገብተው ቆመዋል። እኚህን ሴት በሰው መሀል ጮኸው ሲናገሩ የሰማ ሰው ሾላ ሜዳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። «እግዜር ይስጥልኝ። በረከቱን ጃንጥላው ላይ ጨምርበት። የኔን ተወው፤ የኔ ስለት በሚዛን ይድረስ።»

አያ ህሩይ ቆጣ አሉ። ቤተ ክርስቲያን አምስት ሺህ ብር ይቅርብሽ ሲባል እሳቸው ብቻ አይደሉም የደነገጡት፤ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥም ደነገጠ። ሁሉም ወደ ቄስ ሀብተሥላሴ ዞረ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ልጄን መልሺልኝ ብላ የሰጠችው ብር ነው» አሉ። «ብር ይሁን አይሁን እያልን ጭንቅ ላይ የጣልናት እኛው ነን። እመቤታችን አምስት ሺህ አይቸግራትም። ህሩይ፣ ተው።» አያ ህሩይ ተዉ። ኩርፊያቸው ግን ከንቱ አልቀረም፤ ቆየት ብሎ ጃንጥላው በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ተሸጠላቸው።

«አሥር ሺህ ሰማንያ ሦስት ጊዜ!»

አያ ኑርሁሴን ገንዘቡን ለቄሱ ቆጠሩ፤ የመጨረሻዋን ሰማንያ ከሸሚዝ ኪሳቸው ዝርዝር አወጡ። እትዬ ማሬ ቆጠራውን እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ መቅደሱ ዞረው ተንበረከኩ፤ «እመቤቴ፣ ደረሰሽ» ሲሉ ሰማኋቸው። የሺዋስ ሊያነሣቸው ጎንበስ ሲል ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ስለ አምባሩ አልነበረም ያለቀሱት፤ ልጁን ገና አሁን መቀበላቸው ነበር። ሴቶቹ መጥተው ከበቧቸው፤ ያች ባለ ነጠላዋም እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም እንዳላየኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የሺዋስ አይቶኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተሳስቶ ያረመ ሰው ሆኜ እገባ ነበር። እኔ ግን ሥራ መጨረስ እወዳለሁ። አያ ኑርሁሴን ሚዛናቸውን ሲጠቀልሉ ጠጋ አልኩና «አምባሩን ለእኔ ሽጥልኝ፤ የእጁንም ዋጋ ጨምሬ። መልሼ ለእትዬ ማሬ ልስጣቸው» አልኩ። አያ ኑርሁሴን «የአምባሩ ባለቤት እሺ ካለች» አሉ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፤ እትዬ ማሬ ይመርቁኛል ብዬ።

«አይሆንም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያ ነው የባሰው። «የእመቤቴን መልሼ እጄ ላይ አላስር። አንተ ቤት ከገባ ደግሞ ‹ዳኛው የገዛው ለምን ይሆን› ይባላል። አያ ኑርሁሴን ያቅልጠው። በሰው አፍ ከሚያልቅ በእሳት ይቅለጥ።»

«እትዬ ማሬ፣ የእናትሽ እኮ ነው። እንዲያ ያለ እጅ አሁን የለም አሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ልጅ ሆኜ ጉጡን እየቆጠርኩ ነበር የምተኛ። ሠላሳ ስድስት ነው።»

አያ ኑርሁሴን በማግስቱ አቀለጡት። እንዳየው ጠርተውኝ ነበር፤ አልሄድኩም። አሥር ሺህ ሰማንያው የብሩ ዋጋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ልክ ተቀብሏል። የእጁን ዋጋ፣ የሠላሳ ስድስቱን ጉጥ፣ እትዬ ማሬ ናቸው የከፈሉት፤ የከፈሉትም ለእኔ አፍ ነው።